ዩ-ቦት (የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ) ከውሃ በታች ስንት ሰዓት ይቆይ ነበር? ባሕረኞቹስ ለምን ሳይመለሱ ቀሩ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ባሕረኞች ከውሃ በታች ለሳምንታት ተደብቀው ይኖሩ ነበር ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ይህን ያህል መደበቅ ከቻሉስ አብዛኞቹ ለምን አለቁ? ቦምብ ሲወረወርባቸው ውስጡ ምን ይሆን ነበር?»

ለሳምንታት አይቆዩም ነበር። እንኳን ሳምንት፣ ሁለት ቀን ሙሉ መቆየትም የጭንቅ ነገር ነበር። በጦርነቱ በብዛት የተሠራው «7ሲ» የሚባለው ዓይነት ከውሃ በታች በባትሪ ብቻ፣ በ4 ኖት ፍጥነት (በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ከምናምን) የሚሄደው 80 የባሕር ማይል ያህል ነው። 80ን ለ4 ቢያካፍሉት 20 ሰዓት ይመጣል። ፍጥነቱን ወደ 2 ኖት ዝቅ ካደረገ 130 ማይል ገደማ፣ ማለትም 65 ሰዓት ይሄዳል። ሊያመልጥ ብሎ በሙሉ ኃይሉ፣ በ7.6 ኖት ከነጎደ ግን ባትሪው በአንድ ሰዓት ገደማ ይሟጠጣል። ከውሃ በላይ ሲሆን ይኸው መርከብ በናፍጣ ሞተሩ በ10 ኖት 8,500 ማይል ይጓዛል፤ ሲቸኩልም ከ17 ኖት በላይ ይሮጣል፤ ባትሪውንም የሚሞላው ያን ጊዜ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ዩ-ቦት ኑሮው ከላይ፣ መደበቂያው ከታች የሆነ መርከብ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰርጎ የሚውል ዓይነት አልነበረም። ባሕረኛው መቼ እንደሚተኛ፣ ምን አየር እንደሚተነፍስ፣ መቼ እንደሚያጠቃ፣ በመጨረሻም እንዴት እንደሚሞት የወሰነው ይህ ነው። ላይኛውን ባሕር በያዙባቸው ዓመታት አሸነፉ፤ አውሮፕላንና ራዳር ላይኛውን ባሕር ሲነጥቃቸው አለቁ። የሚከተለው ዝርዝር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ቦታው። 7ሲ ርዝመቱ 67 ሜትር ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚኖርበት፣ የባሕሩን ግፊት የሚሸከመው የብረት ቱቦ 50 ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን በጣም ሰፊ በሆነበት ቦታ ዲያሜትሩ 4.7 ሜትር ነው። ከዚያ ላይ ወለሉ ሥር ያሉትን ባትሪዎችና ታንኮች፣ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ቧንቧዎች ይቀንሱ። በዚህ ውስጥ ከ44 እስከ 52 ሰው ይኖራል። ከፊት የቶርፔዶ (በውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ክፍል፣ ቀጥሎ የመኮንኖቹ አልጋዎችና በመጋረጃ ብቻ የተከለለችው የአዛዡ ጥግ፣ ትይዩዋ የሬዲዮና የማድመጫ ክፍል፣ መሐል ላይ ማዘዣው ክፍል፣ ከዚያ የበታች ሹሞች መኝታና ጠባቧ ወጥ ቤት፣ ከዚያ ሁለቱ የናፍጣ ሞተሮች፣ በመጨረሻም የኤሌክትሪክ ሞተሮቹና የኋላው የቶርፔዶ ማስወንጨፊያ። መተላለፊያው አንድ ነው። የሞተር ክፍል ተረኛ ሲቀያየር የሚያልፈው በተኙት ሰዎች መሐል ነው።

በጣም የሚጨናነቀው የፊተኛው ክፍል ነበር። ተራ ባሕረኞቹ እዚያ ያድራሉ፤ ስድስት መለዋወጫ ቶርፔዶዎችም እዚያው አሉ፤ አንዳንዱ ከወለሉ ሥር፣ አንዳንዱ ከላይ። እያንዳንዱ ቶርፔዶ ከ7 ሜትር በላይ ርዝመት፣ 1.5 ቶን ያህል ክብደት አለው። መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ እንኳ ስፍራ የለም። ስለዚህ የፊተኛው ክፍል ሰው ቶርፔዶ ተተኩሶ ሲያልቅ የሚደሰትበት ምክንያት ከጦርነቱ ጋር የማይገናኝም ነበር፤ አልጋው ይዘረጋለታል። አልጋዎቹ ለሁሉም ስለማይበቁ አንዱ ለሥራ ሲነሳ ሌላው ገና ባልቀዘቀዘው ፍራሽ ላይ ይተኛል። ጥበቃና መሪ ላይ ያሉት በሦስት ፈረቃ በየ4 ሰዓቱ፣ የሞተር ሰዎች ደግሞ 6 ሰዓት ሠርተው 6 ሰዓት እያረፉ ይቀያየራሉ።

ሽንት ቤት ሁለት ነበር፤ በጉዞው መጀመሪያ ግን አንዱ እስከ ጣሪያው በምግብ ስለሚሞላ ለ50 ሰው የሚቀረው አንድ ነው። እሱም ቢሆን ጥልቀት ሲጨምር የውጪው ግፊት ስለሚያይል ቆሻሻውን መግፋት አይችልም፤ ያን ጊዜ ባልዲ ነው። ንጹሕ ውሃ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ስለሆነ መታጠቢያው በባሕር ውሃ የሚሠራ ሳሙና ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን አይታጠብም፣ አይላጭም፤ ሽታውን ለመሸፈን ሽቶ ይረጫል። ዳቦው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነጭ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውን ገፍፈው ውስጡን ይበላሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ከቆርቆሮ ነው፤ ሁሉም ነገር የናፍጣ ጣዕም አለው። እንዲህ ያለ ጉዞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይዘልቃል። ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ቁስል የሚያሽገው የሬዲዮ ሠራተኛው ነበር።

ከመርከቡ ጀርባ ላይ ብቅ ባለችው ማማ ላይ የሚቆሙት አንድ መኮንንና አራት ጠባቂዎች ናቸው። እያንዳንዱ ጠባቂ የአድማሱን ሩብ፣ 90 ዲግሪ ይይዛል፤ 4 ሰዓት ሙሉ ከራሱ ሩብ ዓይኑን አያነሳም። የማማው ከፍታ ከውሃው ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ የሰሜን አትላንቲክ ማዕበል ከላያቸው ያልፋል። በቀበቶ ከብረቱ ጋር ካልታሰሩ ይወሰዳሉ። በ1941 ጥቅምት ዩ-106 ላይ ተረኞቹን ሊቀይሩ የወጡት ሰዎች ማማውን ባዶ አገኙት፤ በዚያ ሰዓት ላይ የነበሩትን አራት ሰዎች ባሕሩ ወስዷቸው ነበር። ከውስጥ የሰማ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መጥለቁ። ጠባቂው አውሮፕላን አየ እንበል። መኮንኑ «አላርም!» ብሎ ይጮኻል፤ ደወሉ ይደወላል። አራቱ ጠባቂዎች መሰላሉን በእግራቸው ሳይረግጡት፣ በእጃቸው ብቻ ይዘውት ተንሸራተው ይወርዳሉ፤ የዘገየ ሰው ትከሻው ላይ የሌላ ሰው ቡትስ ያርፍበታል። መኮንኑ መጨረሻ ገብቶ ክዳኑን በሽክርክሪቱ ይቆልፋል። በዚያው ቅጽበት ኋላ የናፍጣ ሞተሮቹ ይቆማሉ፤ የአየር መሳቢያውና የጭስ ማውጫው ቫልቮች ይዘጋሉ፤ ናፍጣውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ይፈታል፤ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ሙሉ ኃይል ይሰጣቸዋል። ማዘዣው ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች ታንኮቹ ውሃ እንዲሞሉ የአየር መውጫቸውን ይከፍታሉ፤ የፊቱና የመሐሉ ቀድሞ፣ የኋላው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ፣ አፍንጫው እንዲደፋ። ሥራ የሌለው ሰው ሁሉ ወደ ፊተኛው ክፍል ይሮጣል፤ የሰዎቹ ክብደት አፍንጫውን ይጫናል። በደንብ የሠለጠነ ቡድን ይህን ሁሉ ጨርሶ ማማውን ከውሃ በታች የሚያደርገው 30 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። አውሮፕላኑ ርቆ ከታየ 30 ሰከንድ ይበቃል፤ ከደመና ከወጣ አይበቃም።

እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ሁሉን ይገድላል። ክዳኑ ተዘግቶ ናፍጣው ካልቆመ ሞተሩ የመርከቡን የውስጥ አየር ይመጥጠዋል፤ የሰው ጆሮ ይፈነዳል። የአየር መሳቢያው ቫልቭ በትክክል ካልገጠመ ደግሞ ባሕሩ በዚያ በኩል ወደ ሞተር ክፍሉ ይገባል፤ የኋላው ይከብዳል፤ መርከቡም በጭራው ይሰምጣል። ስለዚህ አዲስ ቡድን ወደ ጦርነት ከመላኩ በፊት በባልቲክ ባሕር ላይ ለወራት ይህንኑ ሲደጋግም ይከርማል። በጦርነቱ መጨረሻ ሰው ሲያልቅባቸው የሥልጠናው ጊዜ አጠረ፤ ውጤቱም በቶሎ ታየ።

ከጠለቁ በኋላ የሁሉም ነፍስ በዋና መሐንዲሱ ሒሳብ ላይ ናት። ፊልም ላይ ብዙም የማይታየው ይህ ሰው ነው፤ በእኔ ግምት ከአዛዡ ቀጥሎ የሚያስፈልገውም እሱ ነበር። ውሃ ውስጥ ያለ መርከብ ክብደቱ ከሚገፋው ውሃ ክብደት ጋር እኩል መሆን አለበት። ትንሽ ከከበደ ይወርዳል፤ ትንሽ ከቀለለ ይንሳፈፋል፤ በዝግታ ሲሄድ ደግሞ የጥልቀት መሪዎቹ ክንፎች ስሕተቱን ለማረም አቅም የላቸውም። ክብደቱ ግን በየቀኑ ይለወጣል። ናፍጣው ከታች ክፍት በሆኑ ታንኮች ውስጥ በባሕር ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ያለቀው ናፍጣ ቦታውን ለባሕር ውሃ ይለቃል፤ የባሕር ውሃ ከናፍጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ነዳጅ በተቃጠለ ቁጥር መርከቡ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ምግብ ይበላል፣ ጥይት ይተኮሳል፣ ሰው ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። ከአትላንቲክ ወደ ሜዲትራንያን ሲገባ የውሃው ጨው ይጨምራል። መሐንዲሱ ይህን ሁሉ በየዕለቱ ደምሮ ቀንሶ በማስተካከያ ታንኮቹ ያለውን ውሃ በሊትር ያስተካክላል፤ ከዚያም ጠዋት ጠልቆ ይፈትነዋል። ቶርፔዶ ሲወጣ 1.5 ቶን በአንድ ጊዜ ከአፍንጫው ይጎድላል፤ ወዲያው ውሃ ካልሞላበት አፍንጫው ከባሕሩ ላይ ብቅ ይልና የጭነት መርከቦቹን የሚጠብቀው አጃቢ የጦር መርከብ ያየዋል።

ቶርፔዶ ሲነሳ፣ ባሕረኞቹን እጅግ ካማረሯቸው ነገሮች አንዱ የራሳቸው መሣሪያ ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ቶርፔዶ የአረፋ ዱካ ስለማይተው ይወደዳል፤ ነገር ግን ባትሪው በየጥቂት ቀኑ እንክብካቤ ይፈልጋል። 1.5 ቶን ብረት በሰንሰለትና በማንሻ ከቱቦው በከፊል ተስቦ ይወጣል፤ ይሞላል፤ ይቀባል፤ ይመለሳል፤ ይህ ሁሉ በሚናወጥ ባሕር ላይ። ባትሪው ካልሞቀ ደግሞ የተባለውን ርቀት አይደርስም። በ1940 ሚያዝያ ኖርዌይ ላይ ቶርፔዶዎቹ በጅምላ ከሸፉ። የማግኔት መቀስቀሻው ያለጊዜው ይፈነዳል ወይም ጭራሹን አይፈነዳም፤ ጥልቀት መጠበቂያውም ቶርፔዶውን ከመርከቡ ሥር ያሳልፈዋል። የጥልቀቱ ችግር መንስኤ እስከ 1942 መጀመሪያ ድረስ በውል አልታወቀም። አረፋ ወደ ውጪ እንዳይወጣ የቱቦው አየር የሚለቀቀው ወደ መርከቡ ውስጥ ነው። ለረጅም ሰዓት ጠልቀው ሲቆዩ የውስጡ ግፊት ከፍ ይላል። ያ ግፊት ወደ ቶርፔዶው የጥልቀት መቆጣጠሪያ ሣጥን ሰርጎ ይገባል፤ ቶርፔዶውም ከታዘዘው በታች ይሄዳል። ፋብሪካ ውስጥ ሲፈተን ጤነኛ የነበረው ለዚህ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ለ20 ሰዓት የታፈነ አየር የለም።

ጥቃቱ የሚፈጸመው፣ በተለይ በ1940 እና በ1941፣ ሌሊት ከውሃ በላይ ነው። የእንግሊዝ አጃቢዎች መፈለጊያ አስዲክ በውሃ ውስጥ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚያዳምጥ ስለሆነ ላይ የሚንሳፈፍ ዝቅተኛ ማማን በጨለማ አያገኝም። 17 ኖት የሚሮጠው ዩ-ቦት ደግሞ ከ7 እስከ 9 ኖት የሚሄዱትን የጭነት መርከቦች በቀላሉ ይቀድማል፤ በመሐላቸውም ይገባል። ቀን ቀን ጭሳቸውን ከአድማስ ጫፍ እያየ ይከተላል፣ በሬዲዮ ሌሎቹን ይጠራል፣ ሲመሽ ይመታል። ከተመታ በኋላ ግን አጃቢው ያሳድደዋል፤ ያን ጊዜ መጥለቅ ግድ ይሆናል፤ የባትሪውም ሰዓት መቁጠር ይጀምራል።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ደረስን። የተለመደው የእንግሊዞች የጥልቀት ቦምብ 130 ኪሎ ያህል ፈንጂ የያዘ በርሜል ሲሆን በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ እየሰመጠ በተሞላለት ጥልቀት ላይ ይፈነዳል። የብረቱን ቱቦ ለመቅደድ ከስድስትና ሰባት ሜትር ባልበለጠ ርቀት መፈንዳት አለበት። አስዲኩ ደግሞ አጃቢው በጣም ሲቀርብ ማሚቶውን ያጣል፤ በመጨረሻዎቹ 150 ወይም 200 ሜትሮች አዳኙ ዕውር ነው። ሰርጓጁ 150 ሜትር ላይ ከሆነ በርሜሉ እዚያ ለመድረስ 50 ሰከንድ ይፈልጋል። የሰርጓጁ አዛዥ የሚጠቀመው በዚህ ክፍተት ነው። በውሃ ውስጥ ማድመጫው ላይ የተቀመጠው ሰው የአጃቢው ፕሮፔለር ሲቀርብ፣ አቅጣጫው ሲለወጥ፣ ቦምቡ ውሃ ላይ ሲወድቅ እየሰማ ይናገራል። ልክ ከላይ ሲያልፍ አዛዡ መሪውን ሙሉ በሙሉ አዙሮ ለጥቂት ጊዜ ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍንዳታው ራሱ የሞተሩን ድምፅ ይሸፍንለታል። ድምፁ ሲበርድ እንደገና ወደ 2 ኖት ይወርዳል።

ከዚያ ጸጥታ ነው። የውሃ መምጠጫው ፓምፕ ይቆማል፣ የአየር ማናፈሻው ይቆማል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ንግግር በሹክሹክታ ይሆናል። ተረኛ ያልሆነ ሰው ኦክስጅን እንዳይፈጅ ይተኛል፤ ካርበን ዳይኦክሳይድ የሚመጥ መድኃኒት የያዘ ጣሳ ደረቱ ላይ አድርጎ በቱቦ በአፉ ይተነፍሳል። ጣሳው ሲሠራ ይግላል። አየሩ ከአንድ ቀን በኋላ ራስ ያሳምማል፤ ሰው ለማሰብ ይዘገያል፤ ቁልፍ የሚጨብጠው እጅ ይሳሳታል። ኦክስጅን ከጠርሙስ ይለቃሉ፤ የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የኦክስጅኑ ማነስ ሳይሆን የካርበን ዳይኦክሳይዱ መብዛት ነው።

ቦምቡ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚሄዱት አምፖሎችና የመለኪያዎቹ መስታወቶች ናቸው። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ በራሳቸው ይዘላሉ፤ ሞተሩ ይቆማል፤ በጨለማ ውስጥ በእጅ ባትሪ እየፈለጉ ይመልሷቸዋል። ቀጥሎ የፕሮፔለሩ ዘንግ ከብረቱ የሚወጣበት ማሸጊያ ይላላና ውሃ ይገባል። በዚህ ጥልቀት፣ 200 ሜትር ላይ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 20 ኪሎ ይጫናል፤ ውሃውን ወደ ውጪ የሚገፋው ፓምፕም ይህን ግፊት ማሸነፍ አይችልም፤ ቢችልም ድምፁ ያጋልጣል። ውሃው ኋላ ይጠራቀማል፤ ጭራው ይወርዳል፤ አግድም ለመቆየት ፍጥነት መጨመር ያስፈልጋል፤ ፍጥነት ባትሪ ይበላል። ስለዚህ ሰዎቹ ተሰልፈው ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ ወደ መሐል ያመጡታል፤ ክብደቱ አይቀንስም፤ ሚዛኑ ግን ይስተካከላል።

ከሁሉ የሚፈሩት ባትሪውን ነው። ከአልጋዎቹ ሥር 124 ትላልቅ ሴሎች በሁለት ክፍል ተቀምጠዋል፤ ውስጣቸው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። የሴሉ ዕቃ ከተሰነጠቀ አሲዱ ይፈሳል፤ ከባሕር ውሃ ጋር ከተገናኘ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ሰዎቹ የመተንፈሻ ጭንብል አድርገው፣ አንድ ሰው በደረቱ ተኝቶ ብቻ በሚገባበት ክፍተት ውስጥ እየተሳቡ የተሰበሩትን ሴሎች አንድ በአንድ ይፈልጋሉ፤ ገመዳቸውን ይፈቱና ጤነኞቹን በወፍራም ሽቦ ያገናኛሉ። የፈሰሰው አሲድ ላይ ኖራ ይነሰነሳል። ይህ ካልተሳካ ምርጫው ሁለት ነው፤ ከታች መታፈን ወይም የቀረውን የተጨመቀ አየር ወደ ታንኮቹ ለቅቆ መውጣትና መድፍ ደቅኖ የሚጠብቀው መርከብ ፊት እጅ መስጠት። በሕይወት ከተረፉት ምርኮኞች ብዙዎቹ የተረፉት በሁለተኛው መንገድ ነው።

ሰው ሁሉ ይህን አይችለውም። በ1943 ጥቅምት ዩ-505 በጥልቀት ቦምብ ሲደበደብ አዛዡ ማዘዣው ክፍል ውስጥ፣ ሰዎቹ ፊት፣ ራሱን በሽጉጥ ገደለ። የመጀመሪያ መኮንኑ ትእዛዙን ተረክቦ መርከቡን ወደ ወደቡ መለሰው።

ስለ ሽንት ቤቱ ያነሳሁት ለሳቅ አልነበረም። በጦርነቱ መጨረሻ ከጥልቅ ቦታም ቆሻሻ የሚገፋ ሽንት ቤት ተሠራ፤ አጠቃቀሙ ግን በርካታ ቫልቮችን በትክክለኛ ተራ መክፈትና መዝጋት ይጠይቃል። 1945 ሚያዝያ 14 ቀን ስኮትላንድ አጠገብ ዩ-1206 ላይ የውስጡና የውጪው ቫልቭ በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ባሕሩ ተወርውሮ ገባ፤ ከሥር ያለው ባትሪ ላይ ፈሰሰ፤ ክሎሪን ወጣ። ሊወጡ ተገደዱ፣ ከአየር ተመቱ፣ መርከቡን ራሳቸው አሰመጡት። አራት ሰዎች ሞቱ፣ ሌሎቹ ተማረኩ።

አብዛኞቹ ለምን አለቁ ለሚለው፣ ላይኛው ባሕር እንዴት እንደተወሰደባቸው ማየት ነው። አንዱ ምክንያት ሬዲዮ ነው። ሰርጓጆቹ በቡድን ለማደን ብዙ ያወሩ ነበር፤ እንግሊዞች በአጃቢ መርከቦች ላይ የሬዲዮ አቅጣጫ ጠቋሚ አስገቡ፤ አጭር መልእክት እንኳ ላኪውን ያሳየዋል። በ1942 የካቲት ጀርመኖች ኤኒግማ የሚባለውን የምስጢር መጻፊያ ማሽን ባለ አራት ሽክርክሪት አድርገው ሲያስገቡ እንግሊዞች ወደ አሥር ወር ለሚጠጋ ጊዜ የአትላንቲኩን ምስጢር ማንበብ አቃታቸው። በጥቅምት 30 ከሜዲትራንያን ዩ-559 ላይ የኮድ መጻሕፍት ወሰዱ፤ ሁለት እንግሊዛውያን ሌላ ዕቃ ሊያወጡ ተመልሰው ገብተው አብረው ሰጠሙ፤ በዓመቱ መጨረሻም ንባቡ ተመለሰ።

ሁለተኛው ራዳር ነው። ጀርመኖች በ1942 የራዳር ሞገድ ሲነካቸው የሚያስጠነቅቅ ሜቶክስ የሚባል መቀበያ አገኙ። አንቴናው በእንጨት መስቀል ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነበር፤ ሲጠልቁ በእጅ አንሥተው በክዳኑ ማስገባት አለባቸው፤ ከ30 ሰከንዱ ላይ ሌላ ሰከንድ ይወስዳል። መሣሪያው የሚሰማው ግን ረጅሙን ሞገድ ብቻ ነው። በ1943 መጀመሪያ የአውሮፕላን ራዳሮች ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ሲቀየሩ ሜቶክስ ዝም አለ። ጨለማ ውስጥ ባትሪውን እየሞላ ያለ ሰርጓጅ ከላዩ ድንገት የፍለጋ መብራት ይበራበታል፤ ከዚያ ቦምብ። አንድ የተማረከ እንግሊዛዊ አውሮፕላኖቹ የሚያገኟቸው ሜቶክሱ ራሱ በሚያወጣው ሞገድ ነው ብሎ ሲዋሻቸው አምነው መሣሪያውን አጠፉት። ትክክለኛውን ምክንያት እስኪያውቁ ብዙ መርከብ ሄደ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ከአውሮፕላን የሚጣል፣ የፕሮፔለር ድምፅ ተከትሎ የሚሄድ ቶርፔዶ መጣ፤ ስለዚህ በጊዜ መጥለቅም ማምለጫ አልሆነም። በ1943 ግንቦት ብቻ 41 ሰርጓጆች ጠፉ። በ24ኛው ቀን የጀርመን ባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ዶኒትዝ መርከቦቹን ከሰሜን አትላንቲክ አወጣ፤ የራሱ ልጅም በዚያ ወር ዩ-954 ላይ ሞቷል። ከዚያ ሰርጓጆቹ አውሮፕላን ሲመጣ ላይ ቆመው በመድፍ እንዲዋጉ ታዘዙ። ይህ ከሁሉም የከፋ ውሳኔ ነበር፤ የሚናወጥ ጠባብ ሰገነት ላይ የቆመ መድፈኛ አራት ሞተር ካለው ቦምብ ጣይ ጋር አይተካከልም፤ አንዱ አውሮፕላን እየዞረ ሌሎቹን ይጠራል።

በ1944 ሽኖርከል መጣ፤ መርከቡ ጠልቆ ናፍጣውን እያሠራ አየር የሚስብበት ቱቦ ነው። ነፍስ አትርፏል፤ ኑሮውን ግን አክፍቶታል። ማዕበል የቱቦውን አፍ ሲሸፍነው ቫልቩ ይዘጋል፤ ሞተሩ ግን መሳቡን አያቆምም፤ የውስጡ ግፊት በድንገት ይወርዳል፤ የጆሮ ታምቡር ይጎዳል። የጭሱ መውጫ ከተዘጋ ካርበን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ፍጥነቱም ከ6 ኖት ገደማ ስለማያልፍ የጭነት መርከቦችን ተከትሎ መድረስ አይቻልም። ሦስት እጥፍ ባትሪ የጫነው፣ ከውሃ በታች 17 ኖት የሚሮጠው ዓይነት 21 ትክክለኛው መልስ ነበር፤ ለዘመቻ የወጡት ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ያን ጊዜ ጦርነቱ አልቋል።

ወደ እኛ አካባቢ የደረሰውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ የባሕረኞቹን ስቃይ ብቻ ማውራትም ሚዛን ያሳጣል። ዩ-852 ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ሲሄድ 1944 መጋቢት 13 ሌሊት ፔሌዎስ የሚባለውን የግሪክ መርከብ አትላንቲክ ላይ አሰመጠ። አዛዡ ኤክ ስብርባሪው ለአውሮፕላን ምልክት እንዳይሆን ብሎ ሰዎች በተንጠለጠሉባቸው ታንኳዎች ላይ መትረየስ አስተኮሰ፣ ቦምብ አስወረወረ። ዋና መሐንዲሱ መጀመሪያ ተቃውሞ ነበር። ከአንድ ወር በላይ ከተንሳፈፉ በኋላ ሦስት ሰዎች በሕይወት ተገኙ። በግንቦት 2 ደግሞ ከኤደን የተነሡ ዌሊንግተን አውሮፕላኖች ዩ-852ን ሶማሌ ባሕር ላይ መቱት፤ ባትሪው ተጎድቶ መጥለቅ ስላቃተው ራሱን አሸዋው ላይ ጣለ። ሰባት ሞቱ፣ 59 ተማረኩ። የመርከቡ መዝገብ አልተቃጠለም ነበር፤ ፔሌዎስ የሰመጠበት ቀንና ቦታ በእሱ ተረጋገጠ። ኤክና ሁለት መኮንኖቹ በሐምቡርግ ተፈርዶባቸው 1945 ኅዳር 30 ተረሸኑ። በሌላው ወገን የእንግሊዝ የንግድ መርከቦች ብቻ 30,000 የሚያህሉ ሰዎችን አጥተዋል።

በዩ-ቦት ካገለገሉት 40,000 ከሚጠጉት ጀርመናውያን 30,000 ያህሉ ሞተዋል፤ 5,000 ገደማ ተማርከዋል። ቁጥሩ ይህን ያህል የሆነው ሰርጓጅ ሲሰምጥ ቁስለኛ ስለማይተርፍ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንገቱ ላይ የሚያጠልቀው የማምለጫ መተንፈሻ ነበረው፤ ክፍሉን ውሃ ሞልቶ ግፊቱ ሲስተካከል ክዳኑን ከፍቶ ይወጣበታል። ይህ የሚሠራው መርከቡ ጥልቀት በሌለው ወለል ላይ ከተቀመጠ ነው። አትላንቲክ መሐል ወለሉ በሺዎች ሜትር የሚቆጠር ነው፤ ብረቱ ግን ከ250 ሜትር ብዙም ሳይርቅ ይጨፈለቃል።

ውስጡን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ፣ ጀርመን ካሉ ኪል አጠገብ ላቦ መንደር ይሂዱ፤ ዩ-995 ባሕሩ ዳር ቆሟል፣ ይገባበታል፤ ከ7ሲ ቤተሰብ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አሜሪካ ካሉ ቺካጎ ያለው የሳይንስና የኢንዱስትሪ ሙዚየም ውስጥ ዩ-505ን ያገኛሉ፤ አሜሪካኖች 1944 ሰኔ 4 ከነኮዱ የማረኩት ነው። እሱ ከ7ሲ ስለሚሰፋ፣ እዚያ ሲጠብብዎ 7ሲው ከዚያም ይጠብ እንደነበር አይርሱ።